ተራራው ሲከለል ፍየሏ የት ትሂድ?



ክረምቱ ሊገባ ነው። ዶማና አካፋ የሚወጣበት፣ ችግኝ የሚተከልበት ወር ደርሷል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ዛፍ ነው። ነገር ግን «ዛፍ ትከሉ» የሚለውን ቃል ደግመን ልናነብላችሁ አልተነሣንም። ይህን ቃል በዋግ ምድር ያልሰማ ሰው የለም። በየዓመቱ በሐምሌ ወጥተናል። ጉድጓድ ቆፍረናል፤ ችግኝ ተክለናል። የተከልነው ሁሉ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ወንዝ በጥላ ሥር በሄድን ነበር። አልሄድንም። ለምን?

ባለፈው ዓመት ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ ማታ ማታ ለንባብ ከሚሰበሰቡ ሰዎች ጋር ተቀምጠን ነበር። የዕለቱ ጨዋታ ከመንደሩ በላይ ስላለው ራቁት ተራራ ነው። ተራራው ይከለል፤ አገር በቀል ዛፍ ይተከልበት፤ የሸሹት የዱር እንስሳትና አዕዋፍም ይመለሱበት የሚል ሐሳብ ከቀበሌው መጥቷል። ሁሉም «መልካም ነው» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዓመት ነው።

«ልጆቼ» አሉን፤ «ተራራው ይከለል አላችሁ፤ ይሁን። ለአውሬው ማደሪያ ይሁን አላችሁ፤ እሱም ይሁን። የኔ ፍየል ግን የት ትሂድ?»

የሳቁ ነበሩ። እኛ ግን መልስ አጣን። «እማማ፣ አጣርተን እንመለሳለን» ብለን ተለያየን። ይኸ ጽሑፍ ያን ማታ ያልሰጠነው መልስ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ተራራው ምን እንደ ነበር፣ ማን እንደ ኖረበት፣ ለምን እንደ ተራቆተ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድሮ የዋግ ደጋ ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚሻ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ከአጥሩ ውስጥ ጥዱና ወይራው ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይና እርሻ ነው። ያ በአጥር ውስጥ የቀረው ዛፍ አብዛኛው ድሮ አገሩን ሸፍኖ ከነበረው ደን የተረፈ ነው። «ቅሪት ደን» ይባላል። ቅሪት ማለት ከብዙ የተረፈ ጥቂት ማለት ነው።

«አገር በቀል» የሚለውንም ቃል እንፍታው። ከሌላ አገር ያልመጣ፣ እዚሁ ከጥንት ጀምሮ የበቀለ ማለት ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ብሳና፣ ቁርቁራ አገር በቀል ናቸው። ባሕር ዛፍ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ባሕር ዛፍን ልንሳደብ አይደለም። ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ንብም አበባውን ትወደዋለች። ይሁን እንጂ ወፍ የሚበላው ፍሬ የለውም፤ ከሥሩም ሣር እምብዛም አይወጣም። ለምሰሶ የሚሆን ዛፍ ነው እንጂ ለዱር እንስሳ ቤት የሚሆን ዛፍ አይደለም።

ወይራን ተመልከቱ። ወይራ ሲያፈራ ወፎች ይመጣሉ። ፍሬውን ይውጣሉ፤ ጠንካራውን ዘር ግን ሆዳቸው አይፈጨውም። ሄደው አንድ ቁጥቋጦ ላይ ያርፋሉ፤ እዚያ ይጥሉታል። አዲሱ ወይራም ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ይበቅላል። ቁጥቋጦው ጥላ ይሆነዋል፤ እሾሁና ቅርንጫፉ ከፍየል ጥርስ ይሸሽገዋል። ወፏ ሳታውቅ ደን ተከለች ማለት ነው። በጎረቤታችን በትግራይ ተመራማሪዎች ይህን ነገር መርምረውታል። በደደሆና በሌላ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ፣ ሜዳ ላይ ከተተከለው ይልቅ በርከት ብሎ ተርፏል።

ታዲያ እኛ ምን ስናደርግ ኖርን? ችግኝ ልንተክል በወጣን ቁጥር መጀመሪያ ክትክታውንና ደደሆውን መንጥረን ቦታውን «እናጸዳለን»። ለችግኙ ሞግዚት የሆነውን ቁጥቋጦ ነቅለን፣ ችግኙን ፀሐይ ላይ አስጥተን እንመለሳለን። በጥቅምት ዝናቡ ሲሄድ ችግኙም ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ማንም የማይወደውን ወፍ እንጥራ፤ ጥንብ አንሳን። መልኩ አያምርም፤ ስሙም ስድብ ሆኗል። ነገር ግን የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ሲቀር መንደሩን ከሽታና ከበሽታ የሚያጸዳው እሱ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም። ዛሬ ይህ ወፍ በመላው አፍሪካ እያለቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዓይነቶች «ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ» ተብለው በዓለም አቀፍ መዝገብ ተጽፈዋል። አራቱም በአገራችን ይኖራሉ። ከአራቱ ሦስቱ ጎጇቸውን የሚሠሩት በዛፍ ላይ ነው፤ አንደኛው ብቻ በገደል ይጎጅላል። በአንድ ወቅት የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ዶሮ እንኳ ብትሆን በዚህ ዓይነት አትበዛም።

ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ጅብ በግ ሲወስድብን ተናደን በሥጋ ላይ መርዝ ነስንሰን እናስቀምጣለን። ጅቡ ይሞት ይሆናል። በማግስቱ ግን በዚያው ሬሳ ላይ ብዙ ጥንብ አንሳ ያልቃል። ሁለተኛው ጉዳት የትልልቅ ዛፍ መቆረጥ ነው። ዛሬ የተከልነው ችግኝ የጥንብ አንሳ ጎጆ የሚሸከም ዛፍ እስኪሆን ድረስ ተካዩ ሰው ያረጃል። ስለዚህ በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ አሮጌ ዋንዛ ወይም ግራር ካላችሁ፣ እባካችሁ አትንኩት። እሱን የሚተካ ችግኝ በየትኛውም ችግኝ ጣቢያ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ አለብን። ዛፍ ጥሩ ነው ማለት በሁሉም ቦታ ይተከላል ማለት አይደለም። በላስታና በዋግ ደጋ መካከል የአቡነ ዮሴፍና የአቦሆይ ጋራ ተራሮች አሉ። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እዚያ ውርጩ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር የለም። በአገሪቱ ሁሉ ተቆጥሮ የቀረው 500 ያህል ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ የሚያድነውም ጓሳና ጅብራ ባለበት ግልጥ ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ችግኝ ብንደረድር ቀበሮውን አልጠቀምነውም፤ ማደኛውን ዘጋንበት።

ለቀይ ቀበሮ የሚበጀው ዛፍ ከታች በመንደሩ አጠገብ የሚተከለው ነው። እንዴት ቢሉ፣ ሰው ማገዶ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። አስታውን ይቆርጣል፤ ጓሳውን ያጭዳል፤ ውሻው ይከተለዋል። ውሻውም የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት ቀበሮውን ይነክሰዋል። በባሌ ተራሮች በዚህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ አልቋል። በጓሮው ማገዶ ያለው ሰው ግን ተራራ አይወጣም። ስለዚህ ባሕር ዛፍም ቢሆን በመንደር ዳር፣ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ብሎ ቢተከል ሥራ ይሠራል። ውሻችሁን ማስከተብም እንደ ዛፍ ተከላው ይቆጠር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተከልነው ለምን አልቆመም?

ያለፈውን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሉ። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን መታ። ያን ጊዜ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። የሞተው ሞተ፤ የተሰደደው ተሰደደ። ከዚያ በእህልና በዘይት ክፍያ እርከን ተሠራ፤ ችግኝም ተተከለ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ እርከኑ እስከ ዛሬ አፈር ይዞ የቆመበት ቦታ አለ። ዛፉ ግን የማን ነበር? የተከለው ገበሬ «የመንግሥት ነው» ይል ነበር። ቅርንጫፍ ቢቆርጥ ይከሰሳል። ደኑ ሲደርስ ማን እንደሚጠቀም የነገረው የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን ቦታ ያ ደን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ሰው የራሱን ጎተራ አያቃጥልም። የራሱ ያልመሰለውን ግን ዝም ብሎ አያይም፤ ጎረቤቱ ሳይቀድመው ይሻማል።

በዘመናችንም ተከላው ቀጥሏል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን፣ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ትልቅ ቁጥር ነው። እኛ ግን በየመንደሩ ሌላ ቁጥር ብንጠይቅ እንወዳለን፤ በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ስንት ነው? ይህን ለመቁጠር ሚሊዮን አያስፈልግም። እስከ መቶ መቁጠርና በደብተር መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ይበቃል። እናንተ ዛሬ ያንን ትችላላችሁ።

ሳይተከል የበቀለ ደንም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ምሁር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጠኑ። በእነዚያ ትንንሽ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ አገኙ። አሮጌው ዛፍ አለ፤ ዘሩም ይረግፋል፤ ግን ወጣት ዛፍ ጥቂት ነው። ለምን? ከብት ስለሚገባ ነው። የበቀለውን ይግጠዋል፤ ያልበቀለውን ይረግጠዋል። ሽማግሌ እንጂ ልጅ የሌለበት ቤት ማለት ነው። መፍትሔውም ከሰማይ አልወረደም። ሰዎቹ ከእርሻቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ሠሩ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑ ከከብት ዳነ። በካቡ ውስጥም ቡቃያው ብቅ ብቅ አለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከመትከል ይልቅ መከለል እንደሚበልጥ ነው። በዋግም ተራራ አፈሩ ጨርሶ ካልታጠበ፣ ጉቶና ሥር በመሬት ውስጥ አለ። ጥቂት ዓመት ከተተወ ያቆጠቁጣል። ሣሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ ቁጥቋጦው፤ ከዚያ ቆቅና ጅግራ። ሚዳቋና ድኩላም መደበቂያ ሲያገኙ ይመጣሉ። ንብ አናቢዎችም እንደምታውቁት፣ ያ የምንኮራበት የዋግ ነጭ ማር የሚመጣው ከብት ካልጋጠው አበባ ነው። እኛ የምንተክለው በተፈጥሮ ያልተመለሰውን ለመሙላት ብቻ ነው።

ስለ አተካከሉም ሁለት ሦስት ነገር እንበል፤ የቀረውን የግብርና ባለሙያው ያሳያችኋል። ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት ይቆፈር። አንድ ክንድ ያህል ይጥለቅ። ከጉድጓዱ በታች በኩል፣ ውሃ እንዲያቁር፣ አፈርና ድንጋይ በግማሽ ክብ ይደርደር። ዋግ ላይ ዝናቡ አጭር ነው፤ የአንዲት ቀን ጎርፍ እንኳ በከንቱ አትለፍ። ችግኙ የሚተከለው አፈሩ ወደ ውስጥ ሲርስ ነው እንጂ የመጀመሪያዪቱ ካፊያ ስትጥል አይደለም። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት። ይህን የምንለው ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በዓይናችን ስላየን ነው! የግራር ዘር የምትዘሩ ከሆነ ደግሞ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው።

እንግዲህ ፍየሏ ቀረች።

ፍየል ለዋግ ሰው የገንዘብ ሣጥን ናት። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ደግሞ ወተቷም ቀለብ ነው። እህል ሲጠፋ ትሸጣለች፤ ልጅ ሲታመም ትሸጣለች። ተራራው በሙሉ በአንድ ቀን ቢዘጋ የሚጎዳው ማን ነው? ሰፊ እርሻና ገለባ ያለው ሰው አይደለም። መሬት ያልደረሰው ወጣትና ባሏ የሞተባት ሴት ናቸው። እነሱ ያላቸው ግጦሽ የጋራው ተራራ ብቻ ነው። በክፉ ዓመት እንጨት ለቅሞ የሚሸጠውም ያው ድኻ ነው። ይህን ሳይመልሱ «ተራራው ተከልሏል» ብሎ ማወጅ፣ ሌሊት ለሌሊት ፍየል የሚገባበት ክልል መሥራት ነው።

ከእኛ ቀድመው ይህን ያሰቡ አሉ። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር ሜዳ አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቄሮው ሥርዓት ቀረ፤ ሜዳውም ያለ ጠባቂ ተጋጠ። ኋላ ላይ የአካባቢው ሰዎች እንደ ገና ተሰብስበው የጥበቃ ኮሚቴ አቆሙ፤ ደንብም ጻፉ። በጓሳ ሜዳ ዛሬ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳም አለ። ሰውም ሣሩን ያጭዳል፤ ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል።

በተከለለ ተራራ ላይ ፍየል አትገባም፤ ሣሩ ግን ታጭዶ ይወጣል። «አጭዶ መመገብ» የሚሉት ይህን ነው። ድካም አለው። ፍየልን ለቅቆ ማደርና ሣር ተሸክሞ ማምጣት አንድ አይደለም። ፍየል ደግሞ ከሣር ይልቅ ቅጠል ትመርጣለች፤ ስለዚህ በጓሮ የመኖ ዛፍ፣ ለምሳሌ ሰስባንያ፣ ካልተተከለ ሣሩ ብቻ አይበቃትም። ተራራውንም በአንድ ጊዜ ከመዝጋት ግማሹን ዘግቶ ግማሹን መተው ይቻላል። የተዘጋው ሲያገግም ሌላው ይዘጋል። የንብ ቀፎ በክልሉ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ቀፎውም በመጀመሪያ መሬት ላጣው ይሰጥ ብንል ቅር የሚለው ይኖር ይሆን?

ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ። ደን ሲመለስ የምንወደው ብቻ አይመለስም። ዝንጀሮ ይመለሳል፤ ማሽላ ይበላል። ጅብ ጥሻ ያገኛል። ነብርም ሊመጣ ይችላል። የማሳ ጠባቂ ተራ ካልወጣ፣ የበግ ጋጣ ካልጠበቀ፣ ጉዳቱ ከተራራው ሥር ባለው ቤት ላይ ይወድቃል። ይህን አስቀድሞ የማይነግራችሁ ሰው ካለ፣ እሱ የሚያርሰው ሩቅ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ወደዚያ መንደር ስንሄድ ጉዳዩ ወደ ፊት ሄዶ አገኘነው። የክልሉ መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ መጥቷል። መተዳደሪያ ደንብ ማለት አንድ መንደር ወይም ማኅበር ራሱ ሊገዛበት የሚስማማበት ሕግ ነው። ሁለት ገጽ ነው። ሰዎቹ ሊፈርሙ ተሰብስበዋል። ድሮ ቢሆን አንዱ ያነባል፤ ሌላው ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ አለቀ።

እኒያ እናት ግን ወረቀቱን «እስቲ አምጡት» አሉ። ጣታቸውን በየፊደሉ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ረዥም ጊዜ ወሰደ። አንዳንዱ ሰው ተሰላቸ። ማንም ግን አላቋረጣቸውም።

«ፍየሌ ብትገባ የምቀጣው እዚህ ተጽፏል» አሉ፤ «ብሩ በቁጥር ተጽፏል። ግልጥ ነው፤ አያከራክርም። ሣሩ ግን የት አለ?»

«እማማ፣ አለ እኮ» አለ ጸሐፊው፤ «‹ሣሩ በየወቅቱ ለኅብረተሰቡ ይከፋፈላል› ይላል።»

«መቼ? ለማን ስንት ሸክም?»

መልስ አልነበረም። ቅጣቱ በቁጥር ተጽፎ፣ ጥቅሙ በደፈናው ቀርቷል። ሆን ተብሎ ነው አንልም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ግን ብዙ አይተናል።

ያን ቀን ፊርማው ቀረ። ሰዎቹ ተቀምጠው ተከራከሩ። አንዳንዱ «በነፍስ ወከፍ ይሁን» አለ፤ አንዳንዱ «በቤት ይሁን»። አንድ አዛውንት «ሣሩ ተሽጦ ብሩ ለቤተ ክርስቲያን ይግባ» ቢሉ ካህኑ ራሳቸው «የለም፣ መጀመሪያ ከብቱ ይብላ» ብለው አሳቋቸው። በመጨረሻ አጨዳው በጥቅምት እንዲሆን፣ ክፍፍሉ በቤት ቁጥር እንዲሆን፣ ተራው ሴት ከምትመራቸው ቤቶችና መሬት ካልደረሳቸው ወጣቶች እንዲጀምር ተስማሙ። የማሳ ጥበቃውም ተራ ተጨመረ። የተተከለው ችግኝ በየዓመቱ በጥር ተቆጥሮ በደብተር እንዲጻፍም ተወሰነ፤ ቆጣሪዎቹ ከማታ አንባቢዎች መካከል ይመረጣሉ። የተራራው ግማሽ ለጊዜው ክፍት ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ በሦስተኛው ገጽ ላይ ተጻፈ።

እኒያ እናት ሦስቱንም ገጽ ዳግመኛ አነበቡና ስማቸውን ጻፉ። አንዷ ፊደል ወደ ጎን ብታዘነብልም ትነበባለች።

ስንሰናበታቸው «እንግዲህ እማማ፣ ፍየሏ የት ትሂድ ብለው ነበር» አልናቸው።

«የትም አትሄድ» አሉን። «እቤት ናት። ሣሩ ነው የሚመጣላት። ካልመጣላት ግን ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።»

በእናንተም ቀበሌ የተከለለ ቦታ ካለ ደንቡን ጠይቃችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል ጽፋችሁ ላኩልን፤ በዚሁ ዓምድ እንፈታዋለን። በሚመጣው ሳምንት ስለ ሣር አጨዳና ድርቆሽ አከማቸት እንጽፋለን።